ቬደም (መጽሔት)

ቬደም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቴሬዚን ጌቶ የታሰሩ አይሁዳውያን ታዳጊ ወንዶች በቼክኛ ያዘጋጁት ሳምንታዊ የሥነ ጽሑፍና የሥዕል መጽሔት ነው። የመጀመሪያው ዕትም ዲሴምበር 18 ቀን 1942 እ.ኤ.አ. (ታኅሣሥ 9 ቀን 1935 ዓ.ም.) ወጣ፤ የመጨረሻው ደግሞ ጁላይ 30 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. (ሐምሌ 23 ቀን 1936 ዓ.ም.)። ጸሐፊዎቹና ሠዓሊዎቹ በአብዛኛው ከ12 እስከ 15 ዓመት ዕድሜ የነበራቸው ልጆች ሲሆኑ፣ ዋና አዘጋጁ ፔትር ጊንዝ ሥራውን ሲጀምር ገና 14 ዓመቱ ነበር። መጽሔቱ በዚያን ጊዜ ማተሚያ ቤት ገብቶ አያውቅም። በጽሕፈት መኪና፣ በኋላም በእጅ እየተጻፈ፣ በእጅ ሥዕል እየታከለበት፣ ዓርብ ዓርብ ማታ በልጆቹ መኝታ ክፍል ጮክ ተብሎ ይነበብ ነበር። ለዛሬ የደረሰው ወደ 800 ገጽ ይጠጋል።

ቬደም ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ ናዚዎች የጅምላ ፍጅት ምስክር የሚሆን ሰነድ ተደርጎ ነው፤ ምስክርነቱም እውነተኛ ነው። ልጆቹ ግን የሚጽፉት ለታሪክ ብለው ሳይሆን በሚቀጥለው ዓርብ ለሚያዳምጧቸው ጓደኞቻቸው ነበር። ቀልድ፣ የእግር ኳስ ዘገባ፣ የጀብዱ ታሪክ፣ የመጻሕፍት ሂስ፣ እንዲሁም ጽሑፍ አላመጣችሁም ብሎ የሚነጫነጭ አዘጋጅ ነበረው። ይህን የማያውቅ አንባቢ በገጾቹ ላይ የሚያገኘው ሳቅ ግራ ያጋባዋል።

በዚህ ገጽ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዘመናት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ

«ቬደም» የቼክኛ ግሥ ሲሆን ትርጉሙ «እንመራለን» ማለት ነው («መ» ላልቶ ይነበባል፤ ጠብቆ ከተነበበ በአማርኛ ትርጉሙ ይገለበጣል)። ስሙን ያወጡት ልጆች ከከተማይቱ ግንብ ውጭ መውጣት የማይፈቀድላቸው እስረኞች ነበሩ። የሚኖሩበት ክፍል ቁጥርም «አንድ» ስለነበር፣ በስሙ ውስጥ ከሌሎቹ ክፍሎች እንቀድማለን የሚል የልጅነት ፉክክር አብሮ ይሰማል።

ቴሬዚን

ቴሬዚን (በጀርመንኛ ቴሬዝየንሽታት) ከፕራግ በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ በግንብ የታጠረች ከተማ ናት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሐብስቡርጉ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍ የጦር ምሽግ አድርገው አሠሯትና በእናታቸው በማሪያ ቴሬዛ ስም ሰየሟት። ናዚዎች በኖቬምበር 1941 ወደ ጌቶነት ለወጧት። ከጦርነቱ በፊት ወታደሩም ሲቪሉም ተደምሮ ወደ 7,000 ሰው ይኖርባት በነበረችው በዚህች ከተማ፣ በሴፕቴምበር 1942 ከ50,000 በላይ እስረኞች ታጉረው ነበር። በአጠቃላይ ወደ 140,000 የሚጠጉ አይሁዳውያን ወደዚህ መጡ፤ 33,000 ያህሉ በረኀብና በበሽታ እዚያው አለቁ፤ ወደ 88,000 የሚጠጉት ደግሞ ከዚያ ተጭነው ወደ አውሽቪትዝና ወደ ሌሎች የግድያ ቦታዎች ተላኩ።

ለአብዛኞቹ እስረኞች ቴሬዚን መሸጋገሪያ ጣቢያ ነበረች። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ባቡር መቼ እንደሚነሣና በስም ዝርዝሩ ማን እንደሚገባ አስቀድሞ አይታወቅም ነበር። የመጽሔቱ ጸሐፊዎች ቁጥር ከወር ወር የሚለዋወጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የጌቶው አይሁዳውያን አስተዳዳሪዎች ልጆች ከአዋቂዎቹ ማደሪያዎች ተለይተው በራሳቸው ቤቶች እንዲኖሩ አደረጉ። ይህም ትንሽ የተሻለ ምግብና እንክብካቤ እንዲያገኙ ታስቦ ነው። መደበኛ ትምህርት የተከለከለ ነበር፤ ሥዕል፣ መዝሙርና የእጅ ሥራ ግን ይፈቀድ ነበር። ስለዚህ አስተማሪዎቹ በተፈቀደው ስም የተከለከለውን ያስተምሩ ነበር። አንድ ልጅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ጠባቂ ከመጣ ምልክት ይሰጣል፤ ሒሳቡ ወይም ታሪኩ በቅጽበት ወደ መዝሙር ይቀየራል።

ቤት ቁጥር አንድ እና «የሽኪድ ሪፐብሊክ»

ኤል 417 በሚል ቁጥር የሚታወቀው ሕንፃ ከጦርነቱ በፊት የከተማይቱ ትምህርት ቤት ነበር። በ1942 የወንዶች ልጆች ማደሪያ ሆነ፤ የቀድሞ የመማሪያ ክፍሎቹም ባለ ሦስት ደርብ አልጋ ገብቶላቸው በእያንዳንዳቸው 40 ያህል ልጆች ይኖሩ ጀመር። የቤት ቁጥር አንድ ኃላፊ በ1913 የተወለዱት መምህር ቫልትር አይዚንገር ነበሩ። በቁመታቸው አጭር ስለነበሩ ልጆቹ «ትንሹ» የሚል ትርጉም ያለው ቅጽል ስም አውጥተውላቸዋል።

አይዚንገር ልጆቹ ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያስተዳድሩ አበረታቷቸው። ልጆቹም መንግሥት መሠረቱ፤ ሊቀ መንበር መረጡ፤ ስሙንም «የሽኪድ ሪፐብሊክ» አሉት። ስሙ ከሩሲያ የመጣ ነው። ከ1917ቱ አብዮት በኋላ በፔትሮግራድ በጸሐፊው ዶስቶየቭስኪ ስም የተጠራ፣ ወላጅ አልባና የጎዳና ልጆች የሚያድጉበት ትምህርት ቤት ነበር፤ «ሽኪድ» የዚያ ትምህርት ቤት ስም ምኅጻር ነው። ከተማሪዎቹ ሁለቱ ቤሊኽና ፓንቴሌየቭ ስለ ትምህርት ቤታቸው የጻፉት መጽሐፍ በ1927 ታትሞ በብዙ ቋንቋዎች ተነብቧል። በመጽሐፉ ውስጥ የትምህርት ቤቱ ልጆች የራሳቸውን ጋዜጦችና መጽሔቶች ያዘጋጃሉ። የቴሬዚኖቹ ልጆች ታሪኩን ከአይዚንገር አፍ ሰምተው ስሙንም ልማዱንም ወሰዱት። የሪፐብሊኩ መጽሔት ቬደም ሆነ።

አይዚንገር አንዳንድ ጊዜ ለመጽሔቱ ይጽፉና ይተረጉሙ ነበር፤ የአዘጋጅነቱን ወንበር ግን ለልጆቹ ተዉት። የቬደምን ጠባይ የወሰነው ይህ ውሳኔ ነው ማለት ይቻላል። ልጆች የሚጽፉባቸው መጽሔቶች አብዛኛውን ጊዜ አዋቂ አዘጋጅ አላቸው፤ የትኛው ግጥም እንደሚወጣ፣ ምን ጉዳይ ለልጅ እንደማይመች የሚወስነው እሱ ነው። በቬደም ውስጥ ግን አንድ የ13 ዓመት ልጅ የጻፈውን የሚያሳልፈውም የሚጥለውም ሌላ የ14 ዓመት ልጅ ነው።

አዘጋጃጀት

የመጀመሪያዎቹ 30 ዕትሞች በጽሕፈት መኪና ተጻፉ። የመኪናው ሪባን ሲያልቅና ሌላ ሲጠፋ ቀሪዎቹ በእጅ ተጻፉ። ሥዕሎቹ፣ የርዕስ ጌጦቹና የሽፋን ገጾቹም በልጆቹ እጅ የተሠሩ ናቸው።

ዓርብ ማታ ልጆቹ በክፍሉ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ በሳምንቱ የጻፈ ሁሉ ተራው ሲደርስ የራሱን ጽሑፍ ለጓደኞቹ ያነባል። ለተወሰነ ጊዜ መጽሔቱ በሕንፃው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም ይለጠፍ ነበር። የኤስኤስ ወታደሮች ለፍተሻ ቢመጡ አደጋው ከባድ ስለሚሆን ይህ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መጽሔቱ በአብዛኛው በጆሮ የሚደመጥ ሆኖ ቀጠለ፤ ለጮክ ንባብ የሚመቹት አጫጭር ቀልዶችና ጭውውቶች የበዙበት አንዱ ምክንያትም ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከሞት የተረፉ የክፍሉ ልጆች ስለ ፔትር ጊንዝ ሲናገሩ የሚያነሡት ምስል ተመሳሳይ ነው። አልጋው ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጦ፣ ዙሪያውን ብዕር፣ እርሳስ፣ ብሩሽ፣ ቀለምና የተለያየ መጠን ያለው ወረቀት ተበትኖ፣ አጠገቡም ከወላጆቹ ከተላከለት ጥቅል የተረፈ ምግብ አለ። ምግቡ ለራሱ ብቻ አልነበረም፤ ጽሑፍ ለሚያመጣ ልጅ ማባበያም ይሆን ነበር። በረኀብ ውስጥ ለግጥም የተከፈለ የጸሐፊ ክፍያ መሆኑ ነው። ምግቡም ልመናውም ካልሠራ ፔትር የጎደለውን ገጽ ራሱ ይሞላው ነበር።

ብዙዎቹ ልጆች በብዕር ስም ይጽፉ ነበር። አንዳንዱ ስም ቀልድ ነው፤ አንዳንዱ የክፍሉ ልጆች ብቻ የሚያውቁት ምሥጢር ነው። ለምሳሌ ዝደኔክ ኦርነስት ግጥሞቹን «ሙስጠፋ» በሚል ስም ያወጣ ነበር። ስሞቹን ሊፈቱ የሚችሉት ልጆች አብዛኞቹ ስለተገደሉ የበርካታ ጽሑፎች ባለቤት ዛሬ አይታወቅም።

ይዘት

በቬደም ውስጥ ግጥም፣ አጭር ልብ ወለድ፣ ድርሰት፣ ጭውውት፣ ሂስ፣ ቀልድና ሥዕል አለ። የጽሑፎቹ ደረጃ እኩል አይደለም፤ ብዙዎቹ የትምህርት ቤት ልጅ ድርሰቶች ናቸው፣ ጥቂቶቹ ግን በማናቸውም የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ የማያሳፍሩ ናቸው።

ከቋሚ ዓምዶቹ ሁሉ የታወቀው የፔትር ጊንዝ «ሽርሽር በቴሬዚን» ነው። ፔትር የጌቶውን ተቋማት እየዞረ ይጎበኛል፤ ሠራተኞቹን ይጠይቃል፤ ያየውን በዘጋቢ ዓይን ይጽፋል። ዳቦ ቤቱን፣ የማዋለጃ ክፍሉን፣ የእሳት አደጋ ጣቢያውን ጎብኝቷል። የአስከሬን ማቃጠያውንም እንደ ሌሎቹ ሁሉ ሥራው እንዴት እንደሚከናወን እየጠየቀ ጎብኝቷል። ይህ ዘገባ አንባቢን የሚያስደነግጠው ከዳቦ ቤቱ ዘገባ ያልተለየ በመሆኑ ነው። ልጁ አላለቀሰበትም፤ አልፎክረበትምም። አንድ ከተማ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማወቅ ፈልጎ ነበር፣ የዚያች ከተማ አንዱ ዋና ሥራም ሬሳ ማቃጠል ነበር።

«ከእኛ አንዱ» የሚለው ዓምድ ደግሞ የክፍሉን ልጆች በየተራ ያስተዋውቃል፤ የአንዱን ልጅ አመልና ታሪክ ሌላው ይጽፈዋል። «የሳምንቱ ጥቅስ» የሚባለው ዓምድ በሳምንቱ ውስጥ ከአንዱ ልጅ አፍ ያመለጠችን አስቂኝ ንግግር ይዞ ይወጣል። የእግር ኳስ ዘገባ ከሚጽፉት አንዱ ዝደኔክ ታውሲግ ነበር። በጌቶው ውስጥ እስረኞች ያቋቋሙት የኳስ ሊግ ነበር፤ ጨዋታው በአንድ ጦር ሰፈር ግቢ ውስጥ በየቡድኑ ሰባት ሰባት ተጫዋች ሆኖ ይካሄዳል፣ ተመልካቹም በፎቁ ሰገነት ላይ ይደረደራል። የዚህ ታውሲግ ስም በመጽሔቱ ታሪክ ውስጥ ከኳሱ በላይ በሆነ ጉዳይ እንደገና ይነሣል።

ከገጣሚዎቹ መካከል ጎልቶ የሚታየው ሃኑሽ ሃኸንቡርግ ነው። ጁላይ 12 ቀን 1929 በፕራግ ተወለደ፤ ያደገው በከተማይቱ የአይሁድ ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ነው። በኦክቶበር 1942 ወደ ቴሬዚን መጣ። ለቬደም ከጻፋቸው ግጥሞች ሌላ ለአሻንጉሊት ቲያትር የሚሆን ተውኔት አውጥቷል። በተውኔቱ ውስጥ አንድ ንጉሥ ሕዝቡን የሚያስፈራራበት ጭራቅ ይሻል። አምባገነንን በሳቅ የሚወጋው ይህ ሥራ ደራሲው በ14 ዓመቱ አካባቢ የጻፈው ሲሆን፣ ከአሥርት ዓመታት በኋላ በመድረክ ቀርቧል። ሃኑሽ በዲሴምበር 1943 ወደ አውሽቪትዝ ተወስዶ በ1944 ተገደለ።

ፔትር ጊንዝ

ፔትር ጊንዝ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1928 በፕራግ ተወለደ። አባቱ ኦቶ አይሁዳዊ ሲሆኑ እናቱ ማሪ አይሁዳዊት አልነበሩም። ወላጆቹን ያገናኛቸው ኤስፔራንቶ የተባለው ለዓለም አቀፍ መግባቢያነት የተፈጠረ ቋንቋ ነው፤ ሁለቱም የቋንቋው አፍቃሪዎች ነበሩ፣ ፔትርም ከልጅነቱ ጀምሮ ይናገረው ነበር። የዡል ቬርን አንባቢ ስለነበር ገና ሳይታሰር የራሱን የጀብዱ ልብ ወለዶች ይጽፍና ራሱ ሥዕል ያክልባቸው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ የተረፈው በቅድመ ታሪክ እንስሳ ላይ የተመሠረተው አንዱ ብቻ ነው።

በናዚ ሕግ ከአይሁድና ከአይሁድ ካልሆነ ወላጅ የተወለዱ ልጆች 14 ዓመት ሲሞላቸው ከቤተሰባቸው ተለይተው ወደ ጌቶ ይላካሉ። ፔትርም በኦክቶበር 1942 ብቻውን ወደ ቴሬዚን ተላከ። ከሁለት ወር በኋላ የቬደም አዘጋጅ ነበር። በቴሬዚን በቀለም፣ በእርሳስና በሊኖሊየም ላይ እየቀረጸ በማተም ሥዕሎች ሠርቷል። እኅቱ ኤቫ በሜይ 1944 እሷም ዕድሜዋ ደርሶ ወደ ቴሬዚን ስትመጣ አገኘችው፤ አብረው የቆዩት ግን ለጥቂት ወራት ብቻ ነው።

መጨረሻው

ጁን 23 ቀን 1944 የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ተወካዮች ቴሬዚንን ጎበኙ። ናዚዎች ለጉብኝቱ ሲሉ ግድግዳ ቀለም አስቀቡ፤ አበባ አስተከሉ፤ ከተማይቱ የተጨናነቀች እንዳትመስል አስቀድመው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ወደ አውሽቪትዝ ላኩ። ትምህርት በተከለከለባት ከተማ አንድ ሕንፃ ትምህርት ቤት እንዲመስል ተደርጎ «ለዕረፍት ተዘግቷል» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈበት። የመጨረሻው የቬደም ዕትም የወጣው ከዚህ ጉብኝት አምስት ሳምንት ያህል በኋላ ነው።

ከሴፕቴምበር 28 እስከ ኦክቶበር 28 ቀን 1944 ባለው አንድ ወር ውስጥ 11 ባቡሮች ከ18,000 በላይ እስረኞችን ከቴሬዚን ወደ አውሽቪትዝ ወሰዱ። ፔትር ጊንዝና ቫልትር አይዚንገር በመጀመሪያው ባቡር ነበሩ። ፔትር በ16 ዓመቱ ተገደለ፤ አይዚንገርም ከጦርነቱ አልተመለሱም። በተለያየ ጊዜ በቤት ቁጥር አንድ ካለፉት ወደ 100 ከሚጠጉ ልጆች በሕይወት የተረፉት 15 ያህል ብቻ ናቸው።

ከቬደም ጸሐፊዎች መካከል ከተማይቱ ነፃ እስክትወጣ ድረስ በቴሬዚን የቀረው አንድ ልጅ ነበር፦ የኳስ ዘጋቢው ዝደኔክ ታውሲግ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ስለነበሩና ሙያቸው ለናዚዎች ስለሚያስፈልግ ቤተሰቡ ሳይጫን ቀረ። ጓደኞቹ ሲሄዱ የመጽሔቱ ገጾች በእሱ እጅ ቀሩ። ታውሲግ ገጾቹን አባቱ በሚሠሩበት የብረት ቀጥቃጭ ቤት አጠገብ ቀበራቸው። በሜይ 1945 ቴሬዚን ነፃ ስትወጣ ቆፍሮ አውጥቶ ወደ ፕራግ ይዟቸው ሄደ።

ኅትመቱና የዘገየው ዕውቅና

ከጦርነቱ በኋላ መጽሔቱን ለማሳተም የጣሩት ከክፍሉ የተረፉት ልጆች ናቸው፤ በተለይም የሪፐብሊኩ ሊቀ መንበር የነበረው ኩርት ኮቱች፣ በኋላ ተዋናይ የሆነው ዝደኔክ ኦርነስትና ወደ ካናዳ የተሰደደው ዪርዢ ብሬዲ ይጠቀሳሉ። ብሬዲ ስለ አንዲት የተገደለች ልጅ ሻንጣ በሚተርከው ታዋቂ መጽሐፍ የምትታወቀው የሃና ብሬዲ ወንድም ነው። በቴሬዚን የቧንቧ ሥራ ይለማመድ ነበር።

በኮሚኒስቱ የቼኮስሎቫኪያ መንግሥት ዘመን ኅትመቱ አልተፈቀደም። ከመጽሔቱ የተወሰዱ ክፍሎች ግን በድብቅ ወደ ፓሪስ ተወስደው ቼካውያን ስደተኞች በሚያወጡት «ስቭየደክትቪ» መጽሔት ላይ ወጡ። በአገር ቤትም በጽሕፈት መኪና ተባዝተው ከእጅ ወደ እጅ ተላለፉ፤ ከመንግሥት ቁጥጥር ውጭ የሚሰራጭ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሳሚዝዳት ይባላል። አንድ መጽሔት በሁለት የተለያዩ መንግሥታት ሥር በድብቅ በጽሕፈት መኪና የተጻፈበት እንዲህ ያለ ታሪክ ብዙ አይገኝም። በዚህ ሥራ ኮቱችና ኦርነስትን ያገዘችው ማሪ ሩት ክርዢሽኮቫ በኋላ ለሰብአዊ መብት የሚታገለው የቻርተር 77 ቃል አቀባይ ሆናለች።

የኮሚኒስቱ አገዛዝ በ1989 ከወደቀ በኋላ ከቬደም የተመረጡ ጽሑፎችና ሥዕሎች በመጽሐፍ መልክ ታተሙ። የእንግሊዝኛው ትርጉም በ1995 በአሜሪካ ወጣ፤ መቅድሙን የጻፉት ራሳቸው በሳሚዝዳት ዘመን የታገዱ ደራሲ የነበሩት ፕሬዚዳንት ቫትስላቭ ሃቨል ናቸው። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ደራሲ ሎሪ ሌይትማን ደግሞ መጽሔቱን መሠረት አድርጋ ያዘጋጀችው «ቬደም» የተባለ ኦራቶሪዮ በ2010 በሲያትል ቀርቧል።

የፔትር ጊንዝ ስም በዓለም ዙሪያ የተሰማው በአሳዛኝ አጋጣሚ ነው። የመጀመሪያው እስራኤላዊ ጠፈርተኛ ኢላን ራሞን፣ እናታቸው ከአውሽቪትዝ የተረፉ ሲሆኑ፣ በ2003 በኮሎምቢያ መንኮራኩር ሲጓዙ ከያድ ቫሼም ሙዚየም የፔትርን አንድ ሥዕል ቅጂ ይዘው ሄዱ። በእርሳስ የተሠራው ይህ ሥዕል «የጨረቃ ገጽታ» ይባላል፤ በጨረቃ ተራሮች መካከል የቆመ ሰው መሬትን ሲያያት ምን እንደምትመስል ያሳያል። ሠዓሊው ከአንዲት ምሽግ ከተማ መውጣት የማይችል ልጅ ነበር። መንኮራኩሯ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 (ጥር 24 ቀን 1995 ዓ.ም.) ወደ ምድር ስትመለስ ተሰባብራ ሰባቱም ተጓዦች ሞቱ። ዕለቱ ፔትር በሕይወት ቢኖር 75 ዓመት የሚሞላበት የልደት ቀኑ ነበር።

ዜናው ሥዕሉን በየጋዜጣው ስላወጣው፣ በፕራግ የሚኖር አንድ ሰው በቤቱ ጣሪያ ሥር ያገኛቸው አሮጌ ደብተሮች የዚሁ ልጅ እንደሆኑ ተረዳ። ደብተሮቹ ፔትር ወደ ቴሬዚን ከመላኩ በፊት በፕራግ ይጽፈው የነበረውን የዕለት ማስታወሻ ይዘዋል። ከጦርነቱ ተርፋ እስራኤል የገባችውና ኻቫ ፕሬስቡርገር በሚል ስም ሠዓሊ የሆነችው እኅቱ ማስታወሻውን አዘጋጅታ አሳተመችው። አንድ አስትሮይድ በፔትር ስም ተሰይሟል፤ የቼክ ሪፐብሊክ ፖስታ ቤትም በ2005 መታሰቢያ ቴምብር አውጥቶለታል።

ይህ ሁሉ ዝና በአንድ ልጅ ላይ ማረፉ የሚገባው ቢሆንም፣ ቬደምን የአንድ ሰው ሥራ አስመስሎታል። ከብዕር ስማቸው በቀር ምንም ያልተረፈላቸው ልጆችም የዚያው መጽሔት ጸሐፊዎች ናቸው።

በቴሬዚን የነበሩ ሌሎች የልጆች መጽሔቶች

ቬደም በጌቶው ውስጥ ብቸኛው አልነበረም። «ካማራድ» እና «ሪም ሪም ሪም» የተባሉት በሌሎች የወንዶች ቤቶች ይዘጋጁ የነበሩ መጽሔቶች ናቸው፤ «ሪም ሪም ሪም» የሚወጣው ከዚያው ከኤል 417 ሕንፃ ነበር። ቬደም ግን በገጽ ብዛትም በቆይታ ጊዜም ይበልጣቸዋል።

በሥዕል ረገድ ደግሞ ሠዓሊዋ ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ ለጌቶው ልጆች ትምህርት ይሰጡ ነበር። በኦክቶበር 1944 ወደ አውሽቪትዝ ከመወሰዳቸው በፊት ከ4,000 በላይ የሆኑ የልጆች ሥዕሎችን በሁለት ሻንጣ ከትተው አስቀመጡ፤ ሥዕሎቹ ዛሬ በፕራግ የአይሁድ ሙዚየም ይገኛሉ። እነዚህና የቬደም ሥዕሎች ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። የፍሪድል ተማሪዎች ሥዕሎች በመምህር መሪነት በክፍል ውስጥ የተሠሩ ናቸው፤ የቬደም ሥዕሎች ግን ከጽሑፍ ጎን ሆነው ገጽ እንዲያስጌጡ ወይም ጓደኛ እንዲያስቁ የተሣሉ ናቸው።

የእጅ ጽሑፉ ዛሬ

የቬደም ዋናው ጥራዝ በቴሬዚን መታሰቢያ ተቋም ተጠብቆ ይገኛል። የኤል 417 ሕንፃም አሁንም ቆሟል። በኮሚኒስቱ ዘመን የፖሊስና የአብዮት ሙዚየም ተደርጎ ነበር፤ በ1991 ግን የጌቶው ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ።